ኮምፒውተሩ ተሰጠ፤ ቁልፉስ?

ባለፈው ሰሞን በአዲስ አበባ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ በገጠር ለሚገኙ ችግረኛ ተማሪዎች ኮምፒውተር መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀ የራት ግብዣ ላይ ተገኝተን ነበር። የጠራን ከአዘጋጆቹ አንዱ ወዳጃችን ስለ ሆነ የመግቢያውን ዋጋ ሳንከፍል ገብተናል፤ ከዚህ በታች የምንናገረውን አንባቢ ሲመዝን ይህንንም ጨምሮ ይመዝነው ዘንድ አስቀድመን መናዘዝ ይገባናል።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ራቱ ከተነሣ በኋላ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የሚያሳይ አንድ ሥዕል ለጨረታ ቀረበና ሁለት ነጋዴዎች እልክ ተጋብተው ዋጋውን ጣራ አስነኩት። ያሸነፈውም ሰው እንደ አገራችን ልማድ ሥዕሉን ለበጎ ሥራው መልሶ ሰጠና እንደገና ተሸጠ፤ ሁለተኛውም ገዢ እንዲሁ አደረገ። ከዚያ በኋላ ቃል የመግባቱ ሰዓት ደረሰ። መድረክ መሪው «አቶ እገሌ አምስት ኮምፒውተር! ወይዘሮ እገሊት ሁለት ኮምፒውተር!» እያለ በጮኸ ቁጥር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋ ነበር። እኛም አጨበጨብን። ደስ የሚል ምሽት ነበር፤ ይህንን የምንለው ለማሾፍ አይደለም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ጭብጨባ መካከል ከእኛ ጋራ በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡ፣ ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ኮምፒውተሩስ እሺ ይገዛል፤ የክፍሉን ቁልፍ የሚይዘው ማነው?» ሲሉ በለሆሳስ ጠየቁን።

በመጀመሪያ ሣቅን። ኋላ ግን ሣቁ ከፊታችን ጠፋ፤ ምክንያቱም እኛም አንድ ቁልፍ እናውቃለንና ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን የተከታተልነው ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን፣ ከዚያው ተማሪ ቤት ቀድመውን የወጡና በንግድም በመንግሥት ሥራም የተሳካላቸው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ሃያ ኮምፒውተሮች አበረከቱ። ሪባን ተቆረጠ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። አንድ ክፍል ተለቅቆ መስኮቱ በብረት ታጠረ፤ በበሩም ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። ኮምፒውተሮቹም አቧራ እንዳይነካቸው ሰማያዊ ጨርቅ ተሰፍቶላቸው ለበሱ። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ሁለተኛ ልብስ አልነበራቸውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለተኛን ክፍል እስክንጨርስ ድረስ ወደዚያ ክፍል የገባነው ሦስት ጊዜ ነው። አንደኛው በምረቃው ዕለት ነው። ሁለተኛው ከዞን እንግዶች በመጡ ጊዜ ሲሆን፣ ያን ጊዜ በየወንበሩ ተደርድረን እንግዶቹ እስኪወጡ ድረስ ማውሱን ወዲያና ወዲህ እንድናንቀሳቅስ ታዘዝን። ሦስተኛው እውነተኛ ትምህርት ነበር፤ ነገር ግን ልክ እንደ ገባን መብራት ጠፋ። አስተማሪያችን ምን ያድርጉ? ጠመኔያቸውን አንሥተው በሰሌዳው ላይ ማውስ ሣሉና «ይህ የግራው ጉብ ነው፤ አንድ ጊዜ ስትጫኑት ይመርጣል፣ ሁለት ጊዜ ስትጫኑት ይከፍታል» እያሉ አስረዱን። በጠመኔ ከተሣለው ማውስ አጠገብ ሃያ እውነተኛ ማውሶች ሰማያዊ ጨርቃቸውን እንደ ለበሱ ተቀምጠው ነበር።

ቁልፉ የሚውለው በንብረት ክፍሉ ኃላፊ ኪስ ነው። በልጅነት አእምሯችን እኚህን ሰው እንደ ክፉ ቆጥረን በስውር ስም አውጥተንላቸው ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በቁጥር ተመዝግቦ፣ ፈርመው የተረከቡት ዕቃ ነው። አንድ ገመድ ቢጠፋ፣ አንድ ማውስ ቢሰበር፣ ጠያቂ ይመጣባቸዋል፤ ከዚያች ከማትበቃ ደመወዛቸውም ሊቆረጥባቸው ይችላል። ሃያውም ኮምፒውተሮች የተማሪ ጣት ሳይነካቸው አርጅተው ቢሞቱ ግን የሚጠይቃቸው የለም። ለጠፋ ዕቃ መዝገብ አለ፤ ሳይሠራበት ለቀረ ዕቃ መዝገብ የለም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ አስተዋይ ሰው ቢሾም የሚያደርገው ምንድነው? ይቆልፋል። እኛም ብንሆን ኖሮ እንቆልፍ ነበር።

ይህ ነገር ከዚህ ቀደም ቢሆን ኖሮ ተወርቶ፣ ተሥቆበት ያልፍ ነበር። ዛሬ ግን የሚያሥቅ አይደለም። እንደሚታወቀው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚያጠናቅቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው፤ ለማለፍም ከመቶ 50 ማምጣት ግድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች በወረቀት ሳይሆን በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በወረቀትና በእርሳስ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ የዕድሜ ልክ ዕድሉን የሚወስነውን ፈተና አይቶት በማያውቀው መሣሪያ ይፈተናል ማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. በዚህ ዓይነት የተፈተነች የአክስታችን ልጅ አለች። በትምህርቷ ጎበዝ ናት። ከፈተናው ስትመለስ እንዴት ነበር ብለን ብንጠይቃት የመለሰችልን ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም፤ «መልሱንስ አውቀዋለሁ፤ ግን ወደሚቀጥለው ጥያቄ የሚያሳልፈውን ስጫን የሠራሁት ሁሉ የሚጠፋ እየመሰለኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለችን። እንግዲህ ይህች ልጅ በዚያ ሰዓት የተፈተነችው ሒሳብ ነው ወይስ ፍርሃት? በተማሪ ቤቷ ኮምፒውተር ስላልነበረ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ነበረ። ተቆልፎበት ነበር።

ኮምፒውተርን በገፍ ማደል ትምህርትን ይለውጣል የሚለው ተስፋ ከእኛ አገር አልተጀመረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ለድኾች አገሮች ልጆች ሁሉ የሚታደል፣ ዋጋው 100 ዶላር የሆነ ትንሽ ኮምፒውተር እንደሚሠራ ለዓለም አበሰሩ። የድርጅቱም ስም «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚል ነበር። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ያወጡት የመዋጮ ዘዴ ብልሃት የሞላበት ነው፤ 399 ዶላር የከፈለ አሜሪካዊ አንዷን ላፕቶፕ ለራሱ ልጅ ሲወስድ፣ ሌላዋ በሩቅ አገር ላለ ለማያውቀው ልጅ ትላክለት ነበር። ለአገራችንም ልጆች ጥቂት ሺህ ያህል ደርሰዋል። ዋጋው ግን ከተባለው 100 ዶላር በእጥፍ ገደማ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የገዛችው ፔሩ ናት፤ ከ800 ሺህ በላይ ገዛች። የኢንተር አሜሪካ የልማት ባንክ ተመራማሪዎች በፔሩ ገጠር 319 ተማሪ ቤቶችን አጥንተው በ2012 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች ካላገኙት ልጆች በሒሳብና በቋንቋ ፈተና የበለጡበት ምልክት አልተገኘም። ከመጽሐፉ ገጽ እስከ ወላጁ ተስፋ ድረስ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው ለዚህ ነበርን? ነገር ግን ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ በዚያው ጥናት በነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና በመለየት ችሎታቸው ጥቂት መሻሻል ታይቷል። በኢትዮጵያ ልጆች ላይ ተሠርቶ በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ስለዚህ መሣሪያው ከንቱ ነው የሚለውን ወገን አንደግፍም። እኛን ይበልጥ የሳበን በፔሩው ጥናት ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ላፕቶፑን ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው ከግማሽ ያነሰ ተማሪ ሆኖ ተገኝቷል። ለእያንዳንዱ ልጅ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ወደ ልጁ ቤት አልሄደም። ባሕር ማዶም ጓጉንቸር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያውቅ አንባቢ ወንጪን ያነሣብን ይሆናል። እውነት ነው፤ ይኸው ድርጅት በ2012 ዓ.ም. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ልጆች፣ ያለ ምንም አስተማሪ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በካርቶናቸው እንደ ታሸጉ ሰጥቶ ነበር። ልጆቹም ማንም ሳያሳያቸው ከፍተው መጫወት፣ የእንግሊዝኛውንም ፊደል መዘመር ጀመሩ ተብሎ በዓለም ጋዜጦች ተወራ። የልጆቻችንን ቅልጥፍና ስለሚያሳይ እኛም ኮርተንበታል። ይሁን እንጂ በወሬው ጭራ ላይ የተነገረችውን አንዲት ቃል ብዙ ሰው አላስተዋላትም፤ ወደ መንደሮቹ በየሳምንቱ አንድ ሰው እየሄደ የታብሌቶቹን የመረጃ ካርድ ይለዋውጥ ነበር። አስተማሪ የለም በተባለበት ቦታ እንኳ በየሳምንቱ የሚመላለስ እግር ነበረ።

ነገራችን ሁሉ በዚች በየሳምንቱ በምትመላለስ እግር ላይ ያረፈ ነው።

አገራችን ድኻ ተማሪን መርዳት ከማንም አልተማረችም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋራ እየተጋፋ በየደጁ ሲለምን ያገሬው ባላገር ስንት መቶ ዓመት አበላው? ታዲያ ያ ባላገር አንድ ቀን ሙሉ ጎተራ ዘርግፎ ሰጥቶ ሲያበቃ ዓመቱን በሙሉ በሩን ዘግቶ አልተቀመጠም። ዛሬ ቁራሽ ሰጠ፤ ነገም ተማሪው መጣ፤ ነገም ቁራሽ ሰጠ። ቁራሿ ትንሽ ናት፤ ግን አትቋረጥም። በዚህም ላይ ተማሪው የሚመለስባቸው የኔታ አሉ፤ ዳዊቱ ተቆልፎበት ቢሆን ኖሮና የኔታ ባይኖሩ ኖሮ ቁራሹ ሆድ ከመሙላት አያልፍም ነበር።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እናስታውስ። በጎንደር ሳሉ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን፣ ለምነው የሚማሩትን ተማሪዎች አይተው አዘኑ፤ የሚሰጡት ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። የነበራቸው ፒያኖ መምታት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሸክላቸውን በጀርመን አገር አሳተሙ፤ የሚገኘውንም ገንዘብ ለችግረኞች መርጃ አደረጉት። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ ሙዚቃቸው ለዚሁ ሥራ ሲውል ኖሯል። ሸክላ አንድ ጊዜ ይታተማል፤ ግን ይሸጣል፣ ደግሞም ይሸጣል። ይህች መነኩሲት የሰጡት የማይቋረጥ ቁራሽ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ኮምፒውተርም እንደ ቆሎ ተማሪ በየቀኑ የሚበላ ፍጥረት ነው። መብራት ይበላል። መብራቱ ደግሞ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ሆዱ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ኃይሉን የሚያስተካክልለት ስታቢላይዘር ያሻዋል። አቧራ ይገባዋል። ማውሱ በተማሪ ብዛት ያልቃል፤ ማለቁም ጥሩ ነው፤ ያላለቀ ማውስ ያለበት ክፍል ያልተሠራበት ክፍል ነውና። ከሁሉም በላይ ቅዳሜ ጧት መጥቶ በሩን የሚከፍት፣ ልጆቹን የሚያስተምርና ለድካሙ የሚከፈለው ሰው ይፈልጋል። በገንዘብ ማሰባሰቢያው ምሽት ለእነዚህ ነገሮች አንድም ሰው አላጨበጨበም፤ ስማቸውም አልተጠራ።

ለምን እንደማይጠራ በጠረጴዛችን የነበሩ አንድ ለጋስ ነጋዴ በግልጽ ነገሩን። «ኮምፒውተር ብሰጥ ስሜ በጀርባው ይለጠፋል። ለመብራት ብሰጥ ስሜ የት ይለጠፋል?» አሉ። ቀልድ ቢመስልም ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። እንግዲያውስ በክፍሉ በር ላይ «የኅዳር ወር መብራት በአቶ እገሌ፣ የታኅሣሥ ወር አስተማሪ በወይዘሮ እገሊት» ተብሎ ይጻፍላቸው። ስም ለማስጠራት ሲባል የሚሰጥ ብርም ብር ነው፤ እኛ በዚህ አናፍርም። በጀርባው ስም የተለጠፈበት የሞተ ኮምፒውተር ግን ሰጪውንም ያሳፍራል።

አዘጋጆቹን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አምሳ ኮምፒውተር የሚገዛ ገንዘብ ተገኝቶ እንደ ሆነ አርባ ይግዙ። የአሥሩ ዋጋ ለመብራት፣ ለጥገናና ለአስተማሪው ውሎ አበል በተማሪ ቤቱ ስም በባንክ ይቀመጥ። አርባ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ከአምሳ የተቆለፉ እንደሚበልጡ ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም። በስጦታውም ደብዳቤ ላይ አንዲት መሥመር ይጨምሩ፤ በተማሪ እጅ ሲሠራበት የተበላሸ ዕቃ ከንብረት ኃላፊው ደመወዝ እንዳይታሰብ ሰጪዎቹ መፈለጋቸው ተጽፎ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ፈርሞ ይቀበለው። እኛ ይህች አንዲት መሥመር ከአሥር ስብከት ይልቅ ጓጉንቸር ትከፍታለች የሚል እምነት አለን። ከዚያም በክፍሉ ውስጥ የጠፋውን ሳይሆን የተሠራበትን ሰዓት የሚመዘግብ ደብተር ይቀመጥ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈርሙበት።

ኢንተርኔት የለም ተብሎ ክፍሉ እንዳይዘጋም መፍትሔ አለ። ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መላው ውክፔዲያ በአንድ የመረጃ ማስቀመጫ ውስጥ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ሊነበብ ይችላል፤ ኮሊብሪ የሚባለውም እንዲሁ ትምህርቶችንና መልመጃዎችን ይዞ ያለ መሥመር ይሠራል። ሁለቱም ዋጋ የላቸውም።

አሮጌ ኮምፒውተር ስለሚሰጡትም ጥቂት ቃል እንጨምር። በለንደን ከ1997፣ በደብሊንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋሙ፣ መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን ኮምፒውተሮች አድሰው ወደ አፍሪካ ተማሪ ቤቶች የሚልኩ በጎ አድራጊ ድርጅቶች ነበሩ፤ የታደሰ አሮጌ ኮምፒውተር ያስተምራል። ነገር ግን የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ብዙዎቹ አሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። በዚህ ምክንያት በውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ኮምፒውተር ማውጣታቸው አይቀርም፤ በዋሽንግተንም በለንደንም ያሉ ወገኖቻችን ኮንቴይነር ለመሙላት ይነሣሡ ይሆናል። ይነሣሡ። ግን ከመጫናቸው በፊት ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሊኑክስን ጭነው፣ አብርተው፣ ፈትነው ይላኩ። የማይነሣ ኮምፒውተር ወደ ገጠር መላክ ልግስና ሳይሆን የራስን ቆሻሻ በሰው ደጅ መድፋት ነው።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ያን ምሽት ያጨበጨቡትን እጆች ለማቀዝቀዝ አስበን እንዳይደለ አንባቢ ይረዳልናል። እኛም በሰው መዋጮ የተማርን ነን፤ ደብተራችንን የገዛልን የሰፈር ዕድር ነው። ስለዚህ የሰጪን እጅ መንከስ አይሆንልንም።

ግብዣው ሲያበቃ ያን ወዳጃችንን፣ ከአዘጋጆቹ አንዱን ማለታችን ነው፣ በደረጃው ላይ አግኝተን የሽማግሌውን ጥያቄ አቀረብንለት። በጣም ደክሞት ነበር፤ ከረባቱን ፈትቶ በእጁ ይዞታል። «ቁልፉን ማን ይይዘዋል?» ብንለው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ ኋላም የፕሮግራሙን ወረቀት ገልብጦ በጀርባው ጻፈው። በአራተኛው ቀን ስልክ ደወለልን። ኮምፒውተሮቹ ወደሚሄዱበት ተማሪ ቤት ደውሎ ርእሰ መምህሩን አነጋግሯቸው ኖሯል። ርእሰ መምህሩ ለብዙ ደቂቃ አመስግነው፣ መርቀው ካበቁ በኋላ፣ ቁልፉን ከማሰባቸው በፊት የሚነግሩት አንድ ነገር እንዳለ ገለጹለት፤ ለኮምፒውተር የተዘጋጀው ክፍል ጥሩ በር አለው፣ መስኮቱም በብረት ታጥሯል፣ ሶኬት ግን የለውም።

ርክክቡ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። በሚመጣው ሳምንት ኤሌክትሪክ ሠሪው ብቻውን ይሄዳል።